ግጥሙ የማን ነው

ዘፈን የጀመርኩት በጥፊ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ጅቡቲ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባለው የባለፀጎች ሰፈር ውስጥ በሠራተኝነት የገባሁበት ቤት እመቤት፣ ማዳም እያልን ነው የምንጠራት፣ ሸሚዝ እየተኮስኩ ሳንጎራጉር ከኋላዬ መጥታ ጆሮ ግንዴን አጮለችው። ራሷን አሟት ነበር አሉ። ካውያው እጄ ላይ ግሏል። የሷን ጉንጭ አየሁ፣ ካውያውን አየሁ፣ እንደገና የሷን ጉንጭ አየሁ። ያን ቀን ያልተኮስኳት ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ደግ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን አፌን ዘግቼ እሠራለሁ፣ ዓርብ ከቀትር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስትለቀኝ በሚኒባስ ባልባላ እሄዳለሁ፣ እዚያ ስድስት ቀን የዋጥኩትን ሁሉ በዘፈን እተፋዋለሁ።

የምተፋበት ቤት ባልባላ ውስጥ ዋራበሌ የሚባል ሰፈር ነበር። ባለቤቱ ሶማሌ ሠዓሊ ነው። ሠዓሊ ስል የሱቅ ታፔላ፣ የሚኒባስ ጎን፣ የፀጉር ቤት ግድግዳ የሚቀባ ማለቴ ነው፤ ግን ያ ሰው ፍየል ሲሥል ፍየሏ ትክ ብላ ታያችኋለች። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛ አቀላጥፎ ያወራል፣ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» እያለ። ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ድምፅ እንዳይወጣ ውስጡን ዙሪያውን ያረጀ የስፖንጅ ፍራሽ ለጥፎበታል፤ ፍራሹን በጆንያ ሸፍኖ ጆንያው ላይ ባሕሩንና እኛን ሥሎናል። እኔም አለሁበት፣ አንገቴን ከመጠን በላይ አስረዝሞታል። ቆንጆ አደረግኩህ እኮ ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ግመል ነው ያደረግከኝ እለዋለሁ።

ድምፁን የምንደብቀው አፈሳ ፈርተን ነው። አብዛኞቻችን ካርት የለንም፣ የመኖሪያ ወረቀት ማለቴ ነው። የፖሊስ ካሚዮን ድንገት ሰፈር ውስጥ ይገባና ካርት የሌለውን ሁሉ ጠርጎ ይጭናል፣ ወስዶም ድንበር ላይ ያራግፋል። በዚያ ሳምንት አፈሳ ጥርሱ ያልወለቀ፣ ከጣሪያ ዘሎ ቁርጭምጭሚቱ ያልዞረ፣ ጀርባው በዱላ ያልተሰነጠቀ ሰው ብቻ የተቀመጠበት ዓርብ ትዝ አይለኝም። የቆሰለው ቁስሉን ይዞ ጥግ ይይዛል፣ እኛ እንዘፍናለን። ከቀትር በኋላ ጫት ከተማ ገብቶ ወንዱ ሁሉ ጥላ ይዞ ሲጋደም ፖሊሱም አብሮ ይጋደማል። የኛ ሰዓት ያቺ ነበረች።

መጀመሪያ ካርቲዬ ዱ ከሚባለው ሰፈር የሚመጡት ዑድ ተጫዋቾች በሶማልኛ ይጫወታሉ። ቀጥሎ የአፋር ልጆች ቆመው ግጥማቸውን ያወርዱታል፤ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሲናገሩ የሚጣሉ ነው የሚመስሉት፣ አንዳንድ ጊዜም ይጣላሉ። በመጨረሻ እኛ። አንዳችን የሌላውን ቃል አንሰማም፣ ግን የቱ ጋ እንደሚጨበጨብ የተሳሳተ ሰው አላየሁም። ሠዓሊው ባለሁለት ካሴት ቴፑን እንዳይንቀጠቀጥ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ አስቀምጦ ሁላችንንም ይቀዳል። የካሴቱን ሽፋን አንድ በአንድ በብሩሽ ራሱ ይሥለዋል። ስም አይጻፍበትም፣ ስም ማስረጃ ነው። ካሴቱን ከአገር ቤት ወደቡ ድረስ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ይዘውት ይወጣሉ፤ ሚሌ፣ አዋሽ፣ አዳማ ድረስ እንደምንሰማ መጥተው ሲነግሩን ያን ሳምንት የማዳም ጥፊ እንኳ አይሰማኝም ነበር።

ማሲንቆ የሚመቱት ጋሼ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወደብ ላይ ኩሊ ናቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ስኳርና ማዳበሪያ ሲሸከሙ ይከርሙና ዓርብ ጣቶቻቸውን ሞቅ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው ያፍታቷቸዋል። የጅቡቲ ወበቅ የማሲንቆውን ቆዳ ስለሚያረግበው ከሰል ላይ ያሞቁታል። የፈረስ ጭራውን ከደጋ የሚያመጡላቸው ሾፌሮች ናቸው። አንድ ጊዜ ጭራ ጠፍቶ የዓሣ ማጥመጃ ክር ወጥረው ሞከሩ፣ ድምፁ እንደታነቀች ድመት ሲሆንባቸው በጥርሳቸው በጠሱት። ዘር ማንዘራቸው አዝማሪ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏቸው ነበር፣ ግጥም አይመጣላቸውም። «አባቴ ስንኝ ከአፉ እንደ ውሃ ነበር የሚፈስሰው፣ እኔ ጋ ሲደርስ ደረቀ» ይሉኛል፣ ይሄን ሲሉ ዓይኔን አያዩኝም።

ግጥም የሚመጣው ከተቀማጩ ነው። አንዱ ይነሳና «ተቀበይ!» ይላል፣ ስንኙን ይሰጣል፣ ዘፋኟ የተባለችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ በዜማ ትመልሳለች። ጋሼ ከሁሉ በፊት ያስተማሩኝ ይሄን ነው። «ግጥም ባለቤት አለው» ይሉኛል። «ነገር ቢመጣ ባለቤቱ ይጠየቃል እንጂ ዘፋኝ አትነካም። ዘፋኝ አፍ ናት።» ስድብም ይሁን ፍቅር፣ ማነው ከተባለ ሰጪው «የኔ ነው» ብሎ ይቆማል። ሳይቆም የቀረ ሰው ከዚያ ቤት ሁለተኛ አይገባም ነበር።

እኔን ደግሞ አፍ ብቻ መሆን መረረኝ። ወለል ስወለውል፣ ልብስ ሳጥብ ስንኝ ይመጣልኛል፤ ሲመጣም ይቆነጥጠኛል። አንዱን ለጋሼ ብነግራቸው ሳቁ። «አንቺ ድምፅ አለሽ፣ ግጥሙን ለወንዶቹ ተዪላቸው» አሉኝ። አንጀቴ አረረ። ቤቱ ጥግ ላይ መጋረጃ ነበር፤ ከኋላው ሾፌር እንዲያያቸው የማይፈልጉ ሠራተኛ ሴቶች ይቀመጣሉ። በዘፈን መሃል ወደ መጋረጃው ጎንበስ እላለሁ፣ ሹክ እንደተባለ ሰው ጆሮዬን ደቀን አደርጋለሁ፣ ቀና ብዬ «ተቀበልኩ!» እልና የራሴን ስንኝ እዘፍነዋለሁ። ሴቶቹ ከመካከላቸው አንዷ የሰጠች እየመሰላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ሰው ሲያጨበጭብ እሰክራለሁ። የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ለጊዜው ይበቃኝ ነበር።

አንድ ጓደኛ ነበረችኝ፣ ከማዳም ቤት ሁለት በር ዝቅ ብሎ ያለ ቤት ሠራተኛ። ከአገር ያወጣት አንድ ሾፌር ነው። ካቢኑ ውስጥ በብርድ ልብስ ሸፍኖ የጋላፊን ድንበር አሻገራት፣ ካሻገራት በኋላ የኔ ናት አለ። ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ እጀ ሰፊ ሰው ነው፤ ዋራበሌው ቤት ውስጥ ከሱ በላይ እስክስታ የሚወርድ አልነበረም። እኔም እወደው ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

አንድ ረቡዕ ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ ጓደኛዬ አጥሩ ሥር ተቀምጣለች። ሻሿን ከአገጯ ሥር እስከ አናቷ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ስትፈታው የታችኛው መንጋጋዋ ወደ ግራ ሄዷል። አፏ አይገጥምም፤ ምራቋ ከደም ጋር ይዝረከረካል። ሁለት ጥርሶቿን በሶፍት ጠቅልላ ይዛቸዋለች፣ ለምን እንደያዘቻቸው እሷም አታውቅም። ማታውን ፒኬ ዱዝ፣ መኪኖቹ የሚቆሙበት ቦታ ሄዳለት ኖሮ፣ ከሌላ ሾፌር ጋር ስትስቅ አየሁሽ ብሎ ነው። ካቢኑ ውስጥ፣ በቡጢ፣ አንድ ጊዜ። «ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ፣ ቃሉ እንዲወጣላት መንጋጋዋን በእጇ ደግፋ። ማልኩላት።

ዓርብ ዕለት ሰውየው መጣ። እንደ ሁልጊዜው እየሳቀ፣ ሁሉንም እያቀፈ ገባ። ዘፈኑ ሲሞቅ ተነስቶ እስክስታውን ወረደው፣ ሰው አጨበጨበለት፣ እኔም ዘፈንኩለት። ከዚያ ላቡ እየተንጠባጠበ አጠገቤ መጥቶ ግንባሬ ላይ ብር ለጠፈልኝ። በዚያ እጁ። የመሃል ጣቱ አንጓ ላይ ጥርስ የሰነጠቀው ቁስል አለ፣ ገና ቅርፊት እየያዘ ነው። ብሩን እንዲጣበቅ ሲጫነኝ ቁስሉ ቆዳዬን ሻከረው። 

ስንኙ ከረቡዕ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ለጓደኛዬ ብቻ ተቆርቁሬ አይደለም። ስንኙ ጣፍጦኝ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ድንች ስልጥ፣ ሽንት ቤት ስፈትግ ሳላምጠው የከረምኩት ነገር ነው፤ ሳላሰማው ብውል የሚያንቀኝ መሰለኝ። ወደ መጋረጃው ጎንበስ አልኩ፣ ቀና አልኩ፣ «ተቀበልኩ!» አልኩ።

ሃያ ሁለት ጎማ ይዞ የሚያገሳ፣
በሴት መንጋጋ ላይ ሆነልን አንበሳ።

ጓደኛዬ አፏን ይዛ፣ ደም በደም ሆና ከካቢኑ ስትወርድ ያዩ ሾፌሮች እዚያው ተቀምጠው ነበር። አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሌላው ጭኑን መታ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ «ድገሚው!» አለ፣ እኔም ደገምኩት። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አሳመርኩት፤ ይሄንን ለራሴ እስካሁን ይቅር አላልኩም።

ሰውየው መጀመሪያ አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ፊቱ ተለወጠ።

«ማነው የሰጠው?» አለ።

 ጋሼ ማሲንቆውን አቆሙ። ሰውየው ወደ እኔ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ አፍ ነሽ፣ አንቺን አልነካም። ሰጪውን ብቻ አሳይኝ።»

የሴት መንጋጋ የሚሰብር ሰው ወግ ያከብራል! «እኔ ነኝ» ልለው አፌን ከፈትኩ። ያ ቁስል ዓይኔ ሥር ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ፈራሁ፣ ሌላ ስም የለውም።

ዝም ስለው መጋረጃውን ከነሽቦው ነቅሎ ጣለው። አምስት ሴቶች ግድግዳው ላይ ተጣብቀዋል። የቀረበችውን በሹሩባዋ ይዞ ወደ መሃል ጎተታት። ሹሩባው ከሥሩ ሲነቀል ድምፁ ተሰማኝ፣ ጆንያ ሲተረተር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። «እኔ አይደለሁም! በወላዲቷ፣ እኔ አይደለሁም!» ትላለች፣ እውነቷን ነው። በጥፊ አላት። ደገማት። በሁለተኛው አፍንጫዋ ፈነዳና ደሙ የነጭ ቀሚሷን ደረት ሞላው። በደም መሃል ወደ እኔ ታያለች፤ የሰጠ ሰው እንደሌለ ከመጋረጃው ኋላ ሆና አይታለችና። እኔ ግንባሬ ላይ የተጣበቀውን ብር እንኳ ሳላነሳ ቆሜ ነበር።

«ልቀቃት። የኔ ነው።»

ጋሼ ነበሩ። ማሲንቆውን ቀስ አድርገው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «ቅድም ስትመጣ እኔ ነኝ የሰጠኋት። ወደ መጋረጃው የሄደችው አስመስዪ ስላልኳት ነው» አሉ። 

ሰውየው ሴትዮዋን ለቀቃት። ፊቱ ላይ ንዴት ብቻ አልነበረም፣ እፎይታም ነበር። «ድሮም የወንድ ግጥም ነው» አለ።

በሸሚዛቸው አንገት ይዞ እየጎተተ ደጅ አወጣቸው። ሠዓሊው ታፔላ የሚመታበት መዶሻ በሩ ሥር ነበር። «የቱ ነው እጅህ?» ብሎ ጠየቃቸው። ጋሼ አልመለሱለትም። እሱ ግን ስንት ዓርብ ሲመለከታቸው ኖሯል፤ ግራቸውን ወሰደ፣ ጭራውን የሚጫኑበትን። ደጃፉ ድንጋይ ላይ ዘረጋው፣ በጉልበቱ ክንዳቸው ላይ ተጫነ። መዶሻው ሦስት ጊዜ ወረደ። በመጀመሪያው ጋሼ ጮኹ። በሁለተኛው ድምፅ አልወጣቸውም። በሦስተኛው የተሰማው ድንጋዩ ብቻ ነው።

ከደነዘዝኩበት የነቃሁት ያኔ ነው። ከሰሉ ላይ የሚንተከተክ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነበር፣ አንስቼ ማጅራቱ ላይ ገለበጥኩበት። ጮኸ፣ ዞሮ በክርኑ ደረቴን ሲለኝ ትንፋሼ ተቆረጠ። ሠዓሊው ቀለም መፋቂያውን ይዞ ዘለለበትና ጎኑ ላይ ሰካበት። የሰውየው ጓደኞች ሠዓሊውን ያዙት፤ አንዱ ጠርሙስ ሰብሮ ግንባሩን ከዳር እስከ ዳር ቀደደው። ዑድ ሰው ራስ ላይ ሲሰበር አየሁ። የአፋሮቹ ጩቤ ወጣ። ሾፌር ከሾፌር፣ ኩሊ ከኩሊ ተያያዘ፤ ግማሹ ለምን እንደሚደባደብ አያውቅም፣ ስድስት ቀን የዋጠውን ነው የሚተፋው። ጆንያው ላይ የተሣልነው ሁሉ ደም ተረጨብን።

ፍራሹ ያን ሁሉ ጩኸት ሊይዘው አልቻለም፣ በሩም ወለል ብሎ ተከፍቷል። አፈሳው መጣ። አጥር ዘልዬ ጎረቤት ግቢ ገባሁና ባዶ የውሃ በርሜል ውስጥ ተኮራመትኩ። በርሜሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ነው፤ ክንዴ የነካበት ቦታ ተላጠ፣ ትንፍሽ አላልኩም። ዝገት በበላው ቀዳዳ በኩል ፖሊሶቹ ጋሼን ወደ ካሚዮኑ ሲወረውሯቸው አየሁ። ግራ እጃቸውን በቀኛቸው ደረታቸው ላይ አቅፈውታል፤ እጅ አይመስልም። ሰውየው ወረቀቱ የተሟላ ስለነበር ጎኑን በፎጣ ይዞ በእግሩ ሄደ። እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማዳም ቤት ደረስኩ፣ እጄን ታጥቤ እራት ሠራሁ።

ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ያናገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መንጋጋዋ ያለ ሐኪም፣ እንደሄደ ገጥሟል። ቃል ስታወጣ አፏ ይንሻፈፋል። «ለሽማግሌው ነግረሽ አስገጠምሽብኝ» አለችኝ። «በእኔ መንጋጋ ተጨበጨበልሽ።» የገጠምኩት ራሴ ነኝ ማለት አቃተኝ፤ ብላት ደግሞ የባሰ ይሆን ነበር። ብዙም ሳትቆይ ወደ ኦቦክ ሄደች፣ ከዚያ በጀልባ ባሕሩን ልትሻገር። መድረሷን የነገረኝ ሰው የለም።

ጋሼ ከድንበር፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለው፣ ዋራበሌ ሲመለሱ ሁለት ወር አልፏል። ሦስት ጣቶች እንዳሉ ደርቀዋል፤ አንዱ ወደ መዳፋቸው ታጥፏል፣ ሁለቱ ወደ ጎን ተጣመዋል። ኩሊነቱም ማሲንቆውም ቀረ። ሠዓሊው ራሱ ግንባሩ ላይ የጠርሙሱን ጠባሳ ይዞ ቤቱ አስጠጋቸውና ብሩሽ እያጠቡለት መኖር ጀመሩ።

እሳቸው በሌሉበት ግን ሌላ ነገር ሆኗል። ጎማው ላይ የነበረው ቴፕ ያን ቀን አልቆመም ነበር። ሠዓሊው ጩኸቱ የሚጀምርበት ጋ ቆርጦ ካሴቱን አባዛው፣ ሽፋኑ ላይም አንድ መንጋጋ ሣለ፣ ሌላ ምንም የለበትም። ሾፌሮቹ ይዘውት ወጡ። ሰውየው መኪናውን ባቆመበት ሁሉ፣ ምሳ ቤት በገባበት ሁሉ፣ አንድ ሰው ዜማውን ማፏጨት ጀመረ። ሳቁ ጠፋ አሉ። ሚሌ ላይ ዜማውን ያፏጨበትን አንድ ሾፌር በቢላ ወግቶ እስር ቤት ገባ ተባለ። ወሬውን የሰማሁ ቀን ደስ አለኝ፣ ከዚያ የተወጋውስ ሰው ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኩ። የሚያውቅ አልነበረም።

ጋሼ ደግሞ ባለ ግጥም ሆኑ። ሾፌሮች ፒኬ ዱዝ እንደደረሱ «የአንበሳው ግጥም ባለቤት እንዴት ናቸው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ጫት ይዘውላቸው ይመጣሉ፣ ከጎናቸው ለመቀመጥ ይሽቀዳደማሉ። ማሲንቆውን ሌላ ሰው ይመታል፣ እሳቸው የክብር ቦታው ላይ ይቀመጣሉ። በመጀመሪያው ዓርብ አንዱ «ጋሼ፣ እስቲ አዲስ ይስጡን» ሲላቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። አንድም ስንኝ አልነበራቸውም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቀደም ብዬ ደርሼ፣ ብሩሽ በሚያጥቡበት ጋዝ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ አንድ ስንኝ ነገርኳቸው። አላመሰገኑኝም፣ እንዴት አወቅሽም አላሉኝም። ቃሉን ሦስት ጊዜ ለራሳቸው ደገሙት። ከሰዓት በኋላ ያንን የተበላሸ እጅ አንስተው «ተቀበይ!» አሉኝ። ተቀበልኩ። የራሴን ስንኝ ከሰው አፍ ተቀብዬ ዘፈንኩ፤ ቤቱ ሲያብድ አየሁና ጋሼ ደስ አላቸው ብዬ ተውኩት።

እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። ማዳም አገሯ ገባች፣ ሌላ ማዳም መጣች፣ እሷ ደግሞ የምትመታው በታኮ ጫማ ነበር። ካሴት ቀርቶ ፍላሽ መጣ፣ ፍላሽ ቀርቶ ሁሉም በስልኩ ይቀዳ ጀመር። እኔ በየሳምንቱ ለጋሼ ስንኝ እወስዳለሁ። መጀመሪያ ለቁስለኛ መድኃኒት እንደምወስድ ነበር የሚሰማኝ፤ በኋላ እልህ ያዘኝ። ሰው «ጋሼ፣ ይሄን ከየት ያመጡታል!» ሲል እጃቸውን ዘርግተው «ከአባቴ ነው» ይላሉ። አንድ ዓርብ ሆን ብዬ ምንም ሳልነግራቸው ቀረሁ። ይስጡን ሲባሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። ከሾፌሮቹ አንዱ «ነጠፉ እንዴ?» ብሎ ሳቀባቸው። ያን ያህል ጨካኝ መሆኔን አላውቅም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ይዤ ሄድኩ።

ከአገር ቤት ወደቡ ድረስ የተዘረጋው አዲሱ ባቡር ሥራ በጀመረበት ሰሞን፣ ሾፌሮቹ እንጀራችን ሊዘጋ ነው እያሉ በሚያጉረመርሙበት ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ አንዲት ሴት መቅጃ ይዛ ዋራበሌው ቤት መጣች። የዚህን መንገድ ዘፈኖች ነው የምሰበስበው አለች። ትሁት ናት፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው የገባችው። ዘፈኑን ከነገጣሚው ስም እጽፈዋለሁ አለች። በዚያ ቤት ስም ሲጻፍ የመጀመሪያው ነበር። ካርት ያላቸውም የሌላቸውም ስማቸውን ለማስመዝገብ ሲጋፉ ብታዩ ያስቃችሁ ነበር። እኔም ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ስሜን በጽሑፍ የማየት ጥማት አፌን አደረቀው።

ያንን ስንኝ ከስልኳ አሰማችን። «ይሄንን የገጠመው ማነው?» አለች። ቤቱ በሙሉ ወደ ጋሼ ጠቆመ።

«የኔ ነው» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። «ምነው እቴ፣ ፀሐይ መታሽ?» አለኝ አንድ ሾፌር። ሠዓሊውም የተቆጣ መስሎ «አንተ ደግሞ! አንተ ዘፋኝ ነህ፣ ሌላ ምን ፈለግህ?» አለኝ። መጋረጃውን ነገርኳቸው፣ ማስመሰሌን ነገርኳቸው፣ ቃሉን የት ቆሜ ምን ስሠራ እንዳገኘሁት ነገርኳቸው። በተናገርኩ ቁጥር ውሸታም መሰልኩ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አንስታ አንዴ እኔን አንዴ ጋሼን ታያለች።

 ጋሼ ሽርጣቸው ሥር የነበረውን ግራ እጃቸውን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ልጅቷ አየችው። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ የተመለከተ ሰው የለም።

የሻይ ብርጭቆዬን ግድግዳው ላይ አላተምኩት። ስብርባሪው ሰው ላይ ተረጨ፣ ሴቶች ጮኹ፣ ይቺን እብድ አውጡልን አለ አንዱ። ክንዴን የያዙኝ ጋሼ ናቸው፤ በደህናው እጃቸው እየጎተቱ ደጅ አወጡኝ። አርጅተዋል፣ ግን ጉልበታቸው የኩሊ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ» አልኳቸው እያለቀስኩ።

«አውቃለሁ። ያን ዕለትም አውቅ ነበር።»

«እንግዲያው ይናገሩልኝ! ሌሎቹን በሙሉ ይውሰዷቸው። ይቺን አንዷን ብቻ ይስጡኝ።»

«ሌሎቹን አንድም ሳይቀር ያንቺ ናቸው እላለሁ፣ አሁን ገብቼ። ይቺን ግን አልሰጥሽም።»

«ለምን?»

«ያ ሾፌር ማነው ሲል ብትቆሚላት ያንቺ ነበረች» አሉኝ። አልተቆጡም። እንደ ሕፃን ልጅ ነው ያስረዱኝ። ከዚያ ያንን እጅ አንስተው ፊቴ ላይ ያዙት፣ የተጣመመው ጣት አገጬን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት። «እጄን መልሺልኝና ውሰጂያት።»

ፊቴን በነጠላዬ ጠርጌ ገባሁ። ልጅቷ አሁንም እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። የጋሼን ስም ከነአባታቸው ነገርኳት፤ ቀስ እያልኩ፣ ፊደሉን እንዳትስት። ጻፈችው።